ደብዳቤ ለልጄ፦ የአያትሽ አራተኛ ክፍል

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ጣልያን መንገዱንም ሆስፒታሉንም ሠርቶ ሄዷል፤ ለምን ክፉ ክፉውን ብቻ ታወራላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መንገድ መሠራቱን አልክድም፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የተዘረጋው ለጦሩና ለስንቁ ስለ ነበር ብዙ አላከራክርሽም። እኔን የሚከነክነኝ ትምህርቱ ነው።

አያትሽ አስመራ ላይ ለአገሬው ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተማረ። እዚያ ላይ የቆመው ሰንፎ ወይም አባቱ ለከብት ጥበቃ አስቀርተውት ሳይሆን፣ መንግሥት ለአገሬው የወሰነው ጣሪያ እዚያ ስለሚያበቃ ነው። በፋሽስቱ ዘመን የኤርትራን ትምህርት ይመራ የነበረው አንድሬያ ፌስታ ባስተላለፈው መመሪያ፣ ልጁ አራተኛን ሲጨርስ ጣልያንኛ በመጠኑ እንዲናገር፣ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች እንዲያውቅ፣ ስለ ንጽሕና ለሌላው እንዲሰብክ፣ ከታሪክ ደግሞ ጣልያንን ታላቅ ያደረጉትን ሰዎች ስም ብቻ እንዲይዝ ይጠበቅበት ነበር። አያትሽም እስኪሞት ድረስ ጋሪባልዲንና ካቩርን አሳምሮ ይጠራ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣልያንን ድል የመቱትን ራስ አሉላን ግን ያወቀው ምድጃ ዳር ከእናቱ አፍ ነው። ከዚያም በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ ደብዳቤ የሚያደርስ እንጂ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልተፈለገም ነበርና።

አስተዳደሩም ከዚህ አልራቀም። ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ደባልቆ ድንበሩን እንደ ገና ሲቆራርስ፣ ትግራይን ወደ ኤርትራ፣ ኦጋዴንን ወደ ሶማሊያ ወሰደ፤ በየግዛቱም የአገሬው ልጅ በምን ቋንቋ እንደሚማር ደነገገ። (በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር በራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ ጥያቄዬ ማን ወሰነው፣ እስከ ስንተኛ ክፍልስ የሚል ነው።) ሙሶሊኒ ለራሶች ሥልጣን እንዳይሰጥ አዝዞ ስለ ነበር፣ ወረዳውን የሚያዝዘው ጣልያናዊው ሹም ሲሆን፣ የአገሬው ባላባት ሕዝብ ሰብስቦ ትእዛዝ ከማሰማት ያለፈ ድርሻ አልነበረውም።

ከተማውም በዘር ተከፈለ። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የተገፋው ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት በወጣው ፕላን ነው፤ በጣልያንኛ ገበያ ማለት የሆነው መርካቶ የምንለው ስም ራሱ የዚያ ቅሪት ነው።

እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን አስወጥተው በኤርትራ ትምህርት ቤቶችን ማብዛት ሲጀምሩ አያትሽ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዶ ነበር። አምስተኛ ክፍል የገባሽ ዕለት ደብተርሽን ተቀብሎ ገና ያልተጻፈባቸውን ገጾች አንድ በአንድ እየገለጠ ረጅም ጊዜ ዝም ያለው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ጠይቀሽኝ፣ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ።

አባትሽ