ሲስት የሚመስለው እብጠት

ጎንደር፣ ጥር

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተማው የጥምቀት እንግዶቹን ገና መሸኘቱ ነው። ዝምታዬ በዛ፣ ይቅር በይኝ። ደባርቅ ላይ አልትራሳውንዱን አንቺ እንደያዝሽው ስሰማ ግን አንድ ነገር ሳልጽፍልሽ ማለፍ አልሆነልኝም፤ የጡት ሊምፎማን ነገር፤ ከሊምፍ ሴሎች (ከነጭ የደም ሴሎች) የሚነሳውን ካንሰር ማለቴ ነው።

ብርቅ ነው፤ ከጡት ካንሰሮች መካከል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጣጣው ሌላ መምሰሉ ነው። ብዙውን ጊዜ የማያምና ቶሎ የሚያድግ አንድ እብጠት ነው። የጡት ጫፍ መግባት ወይም ፈሳሽ እምብዛም አይታይም። ማሞግራፊው ላይ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ይወጣል፤ የተለመደው ካንሰር የሚያሳየው እሾሃማ ጠርዝና የካልሲየም ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ «ፋይብሮአዴኖማ ነው፣ ካንሰር አይደለም» ተብሎ ይሸኛል።

አልትራሳውንዱ ደግሞ የባሰ ያታልላል። እብጠቱ በጣም ጥቁር ነው፣ ከበስተኋላው ያለው ሥጋ ይፈካል፤ ልክ ፈሳሽ እንደያዘው ከረጢት፣ እንደ ሲስት። ሴሎቹ አንድ ዓይነትና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ድምፁን የሚመልስ ነገር ጥቂት ነው። ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት) ከፍ ስታደርጊው ውስጡ ስስ ማሚቶ ብቅ ይላል። ቀጥሎ የደም ፍሰቱን የሚያሳየው ዶፕለር፤ ሲስት ውስጥ ደም አይሮጥም፣ እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ይሮጣል። ፕሮቡን አትጫኚው፣ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይደፈኑና ባዶ ይመስልሻል። ሌላውን ጡትና ሁለቱንም ብብት ሳታዪ አትነሺ።

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ሁለቱም ጡቶቿ ተከታትለው በፍጥነት ካበጡ፣ ማስታይቲስ (የጡት ኢንፌክሽን) ነው ብለሽ አንቲባዮቲክ ከመደራረብሽ በፊት በጣም ፈጣኑን ሊምፎማ፣ በርኪትን አስቢ።

ምስሉ ጥርጣሬ እንጂ መልስ አይሰጥሽም። መልሱ ኮር ባዮፕሲ ነው፤ በ14 ጌጅ (ወፍራም) መርፌ አራት አምስት ክር መሳይ ሥጋ ውሰጂ። ኤፍኤንኤ፣ በቀጭን መርፌ ሴል መምጠጡ፣ የሴሎቹን አደራደር ስለማያሳይ ዓይነቱን ለመለየት አይበቃም። ክሮቹን በፒንሴት አትጭመቂ፤ የሊምፎማ ሴል በቀላሉ ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ፓቶሎጂስቱ የተዳመጠ ሰማያዊ ቀለም እንጂ ሌላ አያይም። ወዲያው 10% ቡፈርድ ፎርማሊን ውስጥ ክተቺው፤ ፎርማሊኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። የሴሎቹን ዓይነት ለሚለየው ማቅለሚያ የሚመከረው የፎርማሊን ቆይታ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና መንገዱ አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው አርብ ተወስዶ እስከ ማክሰኞ መደርደሪያ ላይ የሚረሳው ናሙና ነው።

ጥያቄ ወረቀቱ ላይ «የጡት እብጠት» ብቻ ብለሽ እንዳትልኪ፣ አደራ! በምን ያህል ጊዜ እንዳደገ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ እንዳለ፣ የኤችአይቪ ውጤቷን ጻፊና «ሊምፎማ ይጣራ» በይ። ካላልሽ ለተለመደው የጡት ካንሰር የሚሠሩት ምርመራዎች፣ ሁለቱ የሆርሞን ተቀባዮችና ኸርቱ ብቻ ይሠሩና ሦስቱም ኔጌቲቭ ሲወጡ ትሪፕል ኔጌቲቭ ካርሲኖማ ልትባል ትችላለች። የሚለየው የካርሲኖማ ምልክቱ ሳይቶኬራቲንና የነጭ ደም ሴል ምልክቶቹ ሲዲ45፣ ሲዲ20 እና ሲዲ3 አብረው ሲሠሩ ነው። ማቅለሚያው ሌላ ከተማ የሚሠራ ከሆነ የሚላከው የፓራፊን ብሎኩ ይሁን፣ የተቀለመ ስላይድ ብቻውን አይበቃም።

እብጠቱ እንዲቀንስላት ብለሽ ከባዮፕሲው በፊት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የመሰለ ስቴሮይድ እንዳትሰጪ። ሊምፎማው ለጊዜው ይሟሟና ናሙናው ባዶ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የማበዛው ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። ማስቴክቶሚ ዕድሜ አይጨምርላትም፣ ኬሞቴራፒዋን ያዘገይባታል እንጂ። በብዛት የሚገኘው ትልቅ ሴል ቢ ሊምፎማ ሲሆን የተለመደው ሕክምና አር-ቾፕ የሚባለው የመድኃኒቶች ቅንብር በየ21 ቀኑ፣ ስድስት ዙር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨረር ይከተለዋል። ከዚያ በፊት የአንገት፣ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ፣ ኤልዲኤች የሚባለው የደም ምርመራ፣ በቅንብሩ ውስጥ ላለው ዶክሶሩቢሲን የልብ ኢኮ፣ ለሪቱክሲማቡ ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያስፈልጋታል። ራስ ምታት ወይም የነርቭ ምልክት ካላት ቀድመሽ ንገሪን፤ ይህ በሽታ ወደ አንጎልና ወደ ሌላኛው ጡት መመለስ ይወዳል።

የምትጠራጠሪው ምስል ካለ ዶፕለሩንም ጨምረሽ፣ ያለ ስሟና ያለ ካርድ ቁጥሯ ላኪልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ጓደኛሽ