ለአባባ፦ ስለ ኮሌስትሮሉና ስለ ትራይግሊሰራይዱ ክኒን

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የላኩልኝ የላቦራቶሪ ወረቀት ደርሶኛል። ሐኪሙ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም አዝዘውልዎት ሳለ ጓደኛዎ «ፌኖፋይብሬት ይሻልሃል፣ የእኔን ቅባት ያወረደው እሱ ነው» ስላሉዎት ግራ እንደተጋቡ ጽፈውልኛል። ሁለቱ ክኒኖች ሥራቸው ለየቅል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው።

ጠቅላላ ኮሌስትሮል 262፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) 38፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 310፣ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 162 ይላል። ኤልዲኤሉ በስሌት የወጣ ነው የሚመስለው፤ ከ262 ላይ 38ትን እና የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 62ን፣ ቢቀንሱ ልክ 162 ይመጣል። ይህ ስሌት ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ አይታመንም፤ የእርስዎ ገና ከዚያ በታች ነው። ደም የሰጡት ምግብ በልተው ከሆነ ግን 310ሩን ከፍ ያደረገው ምግቡ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ምርመራ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ሳይበሉ ቆይተው፣ ውኃ ብቻ ጠጥተው ይስጡ።

የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚያጠበው በዋናነት ኤልዲኤል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መውረድ ያለበት 162ቱ ነው። አቶርቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። ጉበቱም ሲያጥረው ከደም ውስጥ ኤልዲኤል እየሳበ ይወስዳል። 20 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን በ40 ከመቶ ገደማ ስለሚቀንሰው፣ የእርስዎ ከ100 ትንሽ ዝቅ ይላል። ትራይግሊሰራይዱንም ከ10 እስከ 30 ከመቶ ይዞት ይወርዳል። ይህ ካልበቃ ብዙ ሰው መጠኑን እጥፍ ማድረግ ይቀናዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እጥፍ የሚጨምረው 6 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በእርስዎ ቁጥር ከ20 ወደ 40 ሚሊግራም መውጣት ኤልዲኤሉን 10 ነጥብ ያህል ሲቀንስ፣ ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ ክኒን 10 ሚሊግራም መጨመር ግን 20 ነጥብ ያህል ይቀንሳል፤ እሱ የሚሠራው አንጀት ላይ ነው፣ ኮሌስትሮል እንዳይመጠጥ ያግዳል። የልብ ሕመም ታሪክ ለሌለው ሰው ሁለቱም ላያስፈልጉ ይችላሉ፤ የእርስዎ ግብ ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ቁጥር ጠይቀው ያስጽፉ።

ሌላ ስታቲን ቢቀየርልዎትስ? ሮሱቫስታቲን 10 ሚሊግራም ከያዙት 20 ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱንም በፈለጉት ሰዓት መዋጥ ይቻላል። ሲምቫስታቲን ግን ማታ ነው የሚወሰደው፣ ለደም ግፊትዎ ከሚወስዱት አምሎዲፒን ጋር ደግሞ ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። እኔ አቶርቫስታቲኑን ባይለውጡት እመርጣለሁ።

የጓደኛዎ ፌኖፋይብሬት ትራይግሊሰራይድን ከ30 እስከ 50 ከመቶ ያወርዳል፣ ወረቀት ላይ ሲታይ ያስደስታል። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው አኮርድ የተባለው ጥናት ላይ፣ ስታቲን ለሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ፌኖፋይብሬት ቢጨመርላቸውም በጥቅሉ ሲታይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ አልቀነሰላቸውም። ዋናው ቦታው ትራይግሊሰራይድ ከ500 ሲያልፍ፣ በተለይም 1000 ሲደርስ ነው፤ ያኔ የሚያሰጋው የቆሽት መቆጣት ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል ወይም ጭራሽ አይሰጥም፤ የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል፣ የዋርፋሪንን (የደም ማቅጠኛውን) ኃይልም ያበረታል። ጀምፋይብሮዚል የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ከስታቲን ጋር ሲወሰድ የስታቲኑን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ጡንቻ ስለሚጎዳ፣ ማንም ቢሰጥዎት አብረው አይዋጡት። ለ310ሩ መጀመሪያ የሚመረመረው ስኳር፣ ታይሮይድና ሌሎች የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ናቸው።

ስለ ጡንቻ ሕመም ብዙ ይወራል። የስታቲን የሆነው ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ጭን፣ ባት ወይም ትከሻ እኩል ይይዛል፤ አንድ ጉልበት ብቻ ቢያምዎት ምክንያቱ ሌላ መሆኑ አይቀርም። ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ከወንበር መነሳት ካቃተዎት ግን ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ። ለኢንፌክሽን ክላሪትሮማይሲን ከታዘዘልዎት ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ እስኪጨርሱት ድረስ ስታቲኑ ይቆም ወይም መጠኑ ይቀነስ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናሉ።

ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከ4 ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደሙን ደግመው ይስጡ። ቁጥሩ ወረደ ብለው ክኒኑን እንዳይተዉት፤ በተዉት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሚውጡትን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዙትንም ጨምረው፣ ከነማሸጊያው ይያዙ። አዲሱን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ ከፊተኛው ጋር አስተያየዋለሁ።

ልጅዎ