ሽርጥም የወሎ ልብስ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ባህል ልብስ የምታወጡትን ገጽ አነባለሁ። ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። "የወሎ ባህል ልብስ" ብላችሁ የምታሳዩን ሁሌም ያው ነው። ሴቷ ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ፣ ወንዱ ነጭ እጀ ጠባብ፣ በቃ፣ በዘፈን ክሊፕ የምናየው። ወሎ ይሄ ብቻ ከሆነ እኔ ያደግሁበት ሌላ አገር ነበር ማለት ነው።

እናንተ ላይ ብቻ አልፈርድም። እዚሁ ደሴ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት የባህል ቀን ሲያከብር ልጆቹ የወሎ ልብስ ለብሳችሁ ኑ ተባሉ። አንዱ የጎረቤት ልጅ የአያቱን ሽርጥ አሸርጦ፣ ኩታ ጣል አድርጎ ሄደ። መምህሯ "የባህል ልብስ ነው ያልኩህ፣ የቤት ልብስ አላልኩህም" ብላ ከሰልፉ አስወጣችው። ይሄን ስሰማ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ለመሆኑ ሽርጥ ከመቼ ወዲህ ነው ባህል ያልሆነው? ቃሉ፣ ወረባቦ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ይሄ ሁሉ አገር ሽርጥ ለባሽ ነው። ያርሱበታል፣ ይነግዱበታል፣ ሰርግና መውሊድ ይሄዱበታል። ሙቀቱን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይለበስ? ማመን ያቃተው ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረድ። አፋሩ ሰናፊል የሚባለውን ሽርጡን ታጥቆ፣ ጊሌ የሚባለውን ጩቤውን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ግመሉን እየነዳ ይመጣል። ኦሮሞው በሽርጥና በጋቢ፣ ከደጋ የወረደው አማራ በሱሪና በድርብ ጋቢ። ማን ከየት እንደመጣ አፉን ሳይከፍት ታውቃለህ።

ወደ ደላንታና መቄት ከወጣህ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጥጥ ብቻውን አያዋጣም። የበጉን ጸጉር ሸልተው፣ ፈትለው ባና ያሠራሉ። በርኖስ የሚባለው ጥቁሩ የሱፍ ካባም የደጋ ሰው ልብስ ነው፤ ካፊያ ቢመታው ቶሎ አያሳልፍም። ይሄን በየትኛው የበዓል ገጽ ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ነጭ ስላልሆነ ይሆን?

ስለ ነጩም ቢሆን ከወራ አይቀር በደንብ ይወራ። ነጠላን ብቻ ውሰዱ። አንድ ጨርቅ ናት ግን ስንት ነገር ትናገራለች። ጥለቷ ወደ ታች ከዋለ ደህና ነው። ሴትዮዋ አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ ካመጣችው ሐዘን ላይ ናት፣ ምን ሆንሽ ብለህ አትጠይቅም፣ ነፍስ ይማር ነው የምትለው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስቀለኛ ታጣፋለች። ሥራ ከያዘች ወይ ሰው የምታስተናግድ ከሆነ ወገቧ ላይ ታደገድጋለች። ወንዱም ድሮ ጌታው ፊት ሸማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አይቆምም፤ አደግድጎ ነው፣ "ታዛዥ ነኝ" ማለቱ ነው። እቺው ነጠላ ሙስሊሟ ጎረቤት ጋ ከሻሽ በላይ ትውላለች። እኛ ቤት ሁለቱም አለ፤ የእናቴ ወገን ሙስሊም፣ የአባቴ ክርስቲያን፣ ወሎ ውስጥ ይሄ ወሬም አይደል። ለቅሶ ላይ ተቀላቅለው ሲቀመጡ የሚለያቸው አንገት ላይ ያለችው ማተብ ናት፣ እሷም ካየሃት ነው።

ማተብ ካነሳን እዚህ አገር ክር ብቻ እንዳልነበረች መታወቅ አለበት። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ብዙው ሕዝብም ተጠመቅ ተባለ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆነው የኖሩ እንደነበሩ ታሪክ ጽፎታል። ያኔ አንገትህ ላይ ያለው ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱስ? መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ሰልመዋል ነው የተባለው፣ አለባበሳቸውም ከማስረጃዎቹ አንዱ ተደርጎ ነበር። ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፣ ፎቶው የተቀነባበረ ነው የሚሉም አሉ። እንግዲህ እዚህ አገር ጥምጥም ዙፋን ሲያስከስስ ኖሯል፣ እኛ "ልብስ ምን አላት" እንላለን።

ማዕረግም እንደዚያው ነው። ድሮ ገንዘብ ስላለህ ብቻ ያሻህን አትለብስም። ቀይ ጥለቱ የሰፋው ጃኖ የመኳንንት ነው። የሐር ቀሚስ ጌታህ ሲሸልምህ ነው የምትለብሰው፣ ለምድና ካባም ከላይ የሚሰጥ ነው። ዛሬ ጃኖ ማንም ለሰርጉ ይገዛዋል። እሰይ! በዚህ አልከፋም።

የሚከፋኝ ሌላ ነው። የዚሁ የወሎ ልጅ ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች በጻፈው ጽሑፍ ላይ ብሔራዊ ልብስ የምንለው የማን ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። የአማራ ወይም የአማራና የትግሬ ነው ሲልም ራሱ መለሰ። በሌላው ሐሳቡ መስማማት አለመስማማት የየራስ ነው፣ እኔም ብዙው አይዋጥልኝም። ልብሱ ላይ ያነሳት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችም፣ ጭራሽ አሁን ወሎ ውስጥ ራሱ እየደገምናት ነው። አንዱን መርጠን "ባህል" አልነው፣ የቀረውን "የቤት ልብስ"።

በፎቶ ከመጣ ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ቁስል አለብን። ፈረንጅ የሚያውቀን በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ኮረም ላይ በተነሳው ፊልም ነው (ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች)። በማለዳ ብርድ ቡትቶ ጋቢ ተከናንቦ የተኮራመተው ሕዝብ። ያ ሰው የክት ልብስ የነበረው ሰው ነው። የክቱን ሸጦ፣ ከብቱን ሸጦ፣ መጨረሻ ላይ ነው እዚያ ሜዳ ላይ የተገኘው። ለዚህ ነው የወሎ ልብስ በጋዜጣ ሲወጣ ተጠንቅቃችሁ አውጡት የምለው።

የሸማኔውን ነገርማ ባላነሳው ይሻል ነበር። ሕዝቡን ሁሉ አልብሶ "ቁጢት በጣሽ" እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ማለት ነው፣ ስድቡ በአዋጅ ባይጠፋም። ከሚሴ አካባቢ ሾንኬ ያሉት አርጎባዎች በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው፣ ማን ያነሳቸዋል? ድሮ አቡጀዲ ከባሕር ማዶ መጥቶ ገበያውን ተሻማው። አሁን ደግሞ ጥበቡ በማሽን የታተመበት የቻይና ጨርቅ መጥቷል። ጥለት አይደለም፣ የጥለት ሥዕል ነው። ሰው ለምን ርካሽ ገዛ አልልም፣ ኑሮው ይታወቃል፣ በእጅ የተሸመነው ቀሚስ ዋጋው ራስ ያዞራል። ግን ያንን የታተመ ጨርቅ "የወሎ ባህል ልብስ" ብሎ እያስለበሰ እውነተኛውን ሽርጥ ከሰልፍ የሚያስወጣ ሰው ምን ይባላል?

እና የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ከፎቶው ሥር "የወሎ ልብስ" ብላችሁ አትለፉት። የየትኛው ወረዳ እንደሆነ፣ ለምን ጊዜ እንደሚለበስ፣ ማን እንደሸመነው ጻፉ። ለገና ላሊበላ እንደምትሄዱት ለመውሊድም በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጀማ ንጉሥ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን ፎቶ አንሺያችሁን አንድ ሰኞ ወደ ባቲ ላኩት። እሁድ ደሴ ቢያድር፣ በማለዳ በኮምቦልቻ አድርጎ ቢወርድ ገበያው ሳይበተን ይደርሳል። መንገድ የሚያሳየው ካጣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ