ብቻቸውን ቀርበውም 33 ድምፅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ማህሙድ አሊ ዩሱፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው፤ ግን ሹመታቸውን ደርድሮ «ልምድ ያላቸው ዲፕሎማት» ብሎ ማለፉ አላረካኝም።

ልምዱንማ ማን ይክዳል! ካይሮ አምባሳደር ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጅቡቲን ውጭ ጉዳይ መርተዋል። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር በአንዲት ትንሽ አገር ሰፍሮ ማንንም ሳያስቀይሙ መኖር ቀልድ አይደለም። እኛም እናውቃቸዋለን። በባሕር በር ጉዳይ ከሶማሊያ ጋር በተፋጠጥንበት ጊዜ፣ ነሐሴ 2016 ላይ፣ የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ ታስተዳድረው የሚለውን ሐሳብ ለቢቢሲ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ምርጫውን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የካቲት 8 ቀን 2017 እዚሁ አዲስ አበባ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ይመሩ የነበሩት ኬንያዊው ራይላ ኦዲንጋ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስማቸው የገነነ፣ አደባባይ የሚያናውጡ ፖለቲከኛ ነበሩ። በሦስተኛው ዙር ጸጥተኛው ሰውዬ ቀደሟቸው። ከስድስተኛው በኋላ ራይላ ወጡ። በሰባተኛው ዩሱፍ ብቻቸውን ቀረቡ፤ ያገኙት 33 ድምፅ ነው። ስድስት አገሮች ታግደው ስለነበር ድምፅ ሰጪዎቹ 49 ናቸው። ለማለፍ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ልክ 33 ነው። ለጥቂት ነው የተረፉት! ተቀናቃኝ በሌለበት እንኳ 16 አገሮች ድምፃቸውን ነፈጓቸው።

ይህን የማነሳው ሰውዬውን ለማሳነስ አይደለም። ወንበሩ ራሱ እንዲህ ነው። መሪዎቹ የሚመርጡት አለቃ ሳይሆን የሚያዙትን ሰው ነው። ለዚህም ይመስለኛል ቦታው በአብዛኛው ለዲፕሎማት የሚሰጠው። የኅብረቱ ቀዳሚ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በ1955 ሲመሠረት ጽሕፈት ቤቱን በጊዜያዊነት የመሩት የእኛው ዲፕሎማት ክፍሌ ወዳጆ ነበሩ። ቀጥሎ የመጡት ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው አምባሳደር የነበሩ ናቸው። አፋቸውን የማይዙ ሰው ስለነበሩ ከብዙ መሪዎች ጋር ተጋጭተዋል። መጨረሻቸው አያምርም፤ አገራቸው ተመልሰው በፕሬዚዳንቱ በሴኩ ቱሬ እስር ቤት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የተሾመ ሰው አንደበቱን ቢቆጥብ አይፈረድበትም።

የዩሱፍ ምክትል ሰልማ ማሊካ ሀዳዲም አዲስ አበባ የአልጄሪያ አምባሳደር ነበሩ። ሁለቱም የለመዱት ማግባባት ነው። ማግባባት ግን ሁለቱ ወገኖች መስማማት ሲፈልጉ ነው የሚሠራው። የሱዳን ጄኔራሎች እርስ በርስ መዋጋት ከጀመሩበት ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አልፈለጉም።

ገንዘቡም አለ። መሪዎቹ በ2008 ኪጋሊ ላይ ከገቢ ዕቃ 0.2 በመቶ ቀረጥ ለኅብረቱ ይቆረጥ ብለው ወስነው ነበር። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አላደረጉትም። ኮሚሽኑ ፕሮግራሞቹን በአብዛኛው የሚያስኬደው በውጭ ለጋሾች ገንዘብ ነው። እጁን ለለጋሽ የዘረጋ ተቋም ማንን ሊቆጣ ይችላል?

ስለዚህ አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ሰውዬው የት የት እንደሠሩ ትታችሁ እነዚህን ጠይቁልን። በቀረጡ ጉዳይ የትኛውን መንግሥት በስሙ ጠርተው ወቀሱ? ስለ ሱዳንስ ከመግለጫ ሌላ ምን አደረጉ? መልሱን ብታወጡ ጋዜጣችሁን ገዝቶ የሚያነብ አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ