የአንጎል ሞት ጥናት መስፈርቱን እያጠበቀ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አንጎል ሞት፣ ማለትም አንጎል ሥራውን በሙሉ ላይመለስ ስለማቆሙ፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሐኪሞች ዛሬም በጨለማ እንደሚዳክሩ የሚያስመስል ነው። በጽኑ ሕሙማን ሕክምና የተሰማራን ባለሙያዎች ይህን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ክርክር አለ። ነገር ግን በሕክምና መጽሔቶች የሚወጣው ጥናት መስፈርቱን ሲያጠብቅ እንጂ ሲያላላ አላየንም።

በ1959 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሞላሬና ጉሎን የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አንጎላቸው መሥራት ያቆመ የ23 ሕሙማንን ሁኔታ ጻፉ፤ በ1968 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የአንጎል ሞት መስፈርት አወጣ። በ2002 የታተመ የ80 አገሮች ጥናት 70ዎቹ መመሪያ እንዳላቸው፣ አመራመራቸው ግን እንደሚለያይ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ለምን አንድ ዓይነት አንመረምርም?» የሚል ሆኗል። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የስምምነት ሰነድና በ2023 አዋቂንና ሕፃንን አንድ ላይ ያጠቃለለው የአሜሪካ መመሪያ የዚህ ውጤት ናቸው።

ጥብቀቱ በአፕኒያ ምርመራ ላይ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ ሲጠራቀም በሽተኛው ያለ ማሽን በራሱ ይተነፍስ እንደሆነ በሚታይበት ምርመራ፣ ጎልቶ ይታያል። በሽተኛው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ 100 በመቶ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ በደሙ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ36 ዲግሪ ያላነሰ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ ከቬንቲሌተሩ (ከመተንፈሻ ማሽኑ) ይነቀላል፤ ኦክስጅን በካቴተር (በቀጭን ላስቲክ ቱቦ) እየገባለት ደረቱና ሆዱ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በዓይን ይታያል። ትንፋሽ ከሌለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ቢያንስ 60 ደርሶ ከመነሻው በ20 ከጨመረና የደሙ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.30 በታች ከወረደ ምርመራው ተሟላ ማለት ነው። ኦክስጅኑ በኃይል ከተለቀቀ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጎ ስለሚያስወጣው ቁጥሩ አይደርስም። ካቴተሩ በበሽተኛው የአየር ቧንቧ የገባውን መተንፈሻ ቱቦ ከደፈነው ደግሞ አየሩ መውጫ አጥቶ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል። ሳይነቅሉ ስክሪኑን ብቻ ማየትም ያሳስታል፤ የልብ ምት የሚያናውጠውን አየር ማሽኑ እንደ ትንፋሽ ይቆጥረዋልና።

በ2011 የታተመ አንድ ሪፖርት ብዙዎቻችንን አስደንግጧል። ልቡ ቆሞ የተመለሰ፣ ለሕክምና ሲባል ሰውነቱ እንዲቀዘቅዝ የተደረገ በሽተኛ የአንጎል ሞት ከተወሰነ በኋላ ለጊዜው ሳልና ትንፋሽ ታየበት። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ማደንዘዣ ከደም ቶሎ አይወጣም፤ አንጎልም የሞተ ሊመስል ይችላል። አዲሶቹ መመሪያዎች ልቡ ለቆመ በሽተኛ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲጠበቅ፣ የማደንዘዣው ግማሽ ከደም የሚወጣበት ጊዜም አምስት እጥፍ እንዲታለፍ የሚያዝዙት በእንዲህ ያለው ስጋት ነው። የ2023ቱ መመሪያ ኢኢጂን (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ) እንኳ ከረዳት ምርመራነት አውጥቶ፣ የአንጎልን የደም ዝውውር የሚያሳዩ ምርመራዎችን ብቻ ተቀብሏል።

ሐኪሞች ሞትን ለመወሰን የሚጣደፉት ለንቅለ ተከላ የሚሆን የአካል ክፍል ለማግኘት ነው የሚለው ጥርጣሬ ለአገራችን ብዙም አይሠራም፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕያው ዘመድ ልግስና ላይ የቆመ ነው። የእኛ ጭንቀት ሌላ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚለካው የደም ጋዝ መለኪያ በተበላሸበት ሌሊት ምን ይደረጋል? የአባቱ የእግር ጣት ሲንቀሳቀስ ላየ ልጅ፣ እንቅስቃሴው ከሕብለ ሰረሰር እንጂ ከአንጎል እንዳልመጣ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል? ጥናቱ በብዛት ከሀብታም አገሮች ስለሚወጣ ለእነዚህ መልስ አናገኝበትም። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሊጻፍ ይገባል።

«ከአንጎል ሞት ተነሣ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁም፣ የአፕኒያ ምርመራ ተደርጎ እንደነበረና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስንት እንደደረሰ ጠይቃችሁ አብራችሁ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ