የሕልም ደብተር ክበብ፦ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችንን ገና ስሙን ሲሰሙ የሚፈሩት ስላሉ ከዚያው ልጀምር። እኛ ሕልም አንፈታም። ጥርስ ሲወልቅ ማየት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ካለ ወደ አያቶቹ ይሂድ። የእኛ ልጆች ሌሊት ያዩትን ጠዋት ይጽፋሉ፤ ሲለምዱት ደግሞ እዚያው ሕልም ውስጥ ሆነው «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ብለው ማወቅ ይጀምራሉ። ሉሲድ ድሪም የሚባለው ይሄ ነው። ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር ሐል ዩኒቨርሲቲ፣ ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ አንድ የተኛ ሰው ከሕልሙ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ግራ ቀኝ የሰጠውን ምልክት በመሣሪያ መዝግቧል። ሕልም ስናይ እጅና እግር አይታዘዝም፤ ዓይን ግን ይታዘዛል።

የተገናኘነው ሐሙስ ሐሙስ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ነው። ስም ይጠራል፣ ደብተር ይታያል፣ የፈለገ ያነባል። ማንበብ ግዴታ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሕልም አላይም» ይሉኝ ነበር። ያያሉ፤ ግን ይረሱታል። ስለዚህ ሲነቁ ሳይገላበጡ ትንሽ ጋደም እንዲሉ፣ ከዚያ ስልክ ሳይነኩ እንዲጽፉ ተስማማን። አንድ ቃል ብቻ ትዝ ያለው አንዱን ቃል ይጽፋል። ስልካቸው ላይ የሞከሩት አልሆነላቸውም፤ መልእክት ሲያዩ ሕልሙ ብን ብሎ ይጠፋል። ፈረንሳዊው ኤርቬ ደ ሴን ደኒ የሕልም ማስታወሻ መያዝ የጀመረው በ13 ዓመቱ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1867ም ስለዚሁ መጽሐፍ እንዳሳተመ ስነግራቸው የሰባተኛ ክፍሎቹ ደረታቸውን ነፉ።

ከዓመቱ ሁሉ ከልቤ የማይወጣው የአንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነገር ነው። ውሾች ሲያሳድዱት ያልማል፤ እየጮኸ ይነቃል። የደብተሩ ጥቅም እዚህ ላይ ታየኝ። ገጾቹን አብረን ስናገላብጥ «ውሻ» የሚለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አከበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ አንዱም አይጮኽም» አለ። እውነቱን ነው። ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጡት ውሾች በሕልሙ ድምፅ የላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ውሻ ባየ ቁጥር ጆሮውን አቁሞ «ሕልም ላይ ነኝ እንዴ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ያዘ። ቀን የለመዱት ጥያቄ ሌሊትም ይመጣል።

መጣለትም። በወላጆች ቀን ገጹን ራሱ አነበበው፦ «ውሾቹ መጡ። ሮጥኩ። ድምፅ የለም። ቆምኩ። ሕልም ነው አልኩ። ዞርኩ። እነሱም ቆሙ።» ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን እስከ መጨረሻው አነበበ። እናቱ ሲጨርስ ተነስተው «ሌሊት ሲጮኽ ሮጬ የምደርስለት እኔ ነበርኩ፤ አሁን እኔም መተኛት ጀመርኩ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብም አቃተኝ።

ሁሉም አልተሳካም። ሕልም ውስጥ መሆናቸውን ያወቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የፈተና ሰሞን ደብተሩን የተዉም አሉ። ልጆቻቸውን ያስወጡ ወላጆችም ነበሩ፤ እንቅልፍ ይቀንስባቸዋል ብለው ሰግተው ነው። እኛ ግን ማንንም ሌሊት አንቀሰቅስም። እንዲያውም ረጅሙ ሕልም የሚመጣው ወደ ንጋት ስለሆነ በጊዜ ተኙ ነው የምንለው።

ስለ በጀት አንድ ነገር ልበል። የስፖርት ክበብ ኳስና ማሊያ ማግኘቱ ደስ ይለኛል። የእኛ ልጆች ግን ከአምና ደብተር የተረፈ ወረቀት ሰፍተው ነው የጻፉት። ላቦራቶሪ አልጠየቅንም። ለአንድ ልጅ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጥያቄያችንን በመስከረሙ ስብሰባ እንዲያይልን ደብዳቤ አስገብተናል። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችም ደብተሩን ቤተ መጻሕፍት ብታደርሱልን እንቀበላለን።