ወንድሜን «ቦዘኔ» ብሎ ለመዘገበው ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት ቀረ። ሁለተኛውን ጸሐፊዎ ተቀብላ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ሦስተኛውን ይዤ ስመጣ «የሁለተኛውን ቅጂ አምጪ» ተባልኩ። አራተኛውን እንግዲህ አገር ያንብበው።

ታናሽ ወንድሜ ሊስትሮ ነው። ከተማዋ እንግዳ በምትቀበልበት ሰሞን ጎዳናው ሲጸዳ እሱም አብሮ ተጠረገ፤ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ያለ ክስ ተለቀቀ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ የሚለውን ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ቀኖቹንስ ይሁን ብለን ዋጥናቸው። ልጠይቀው የሄድኩ ዕለት ግን ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። «ሥራ» በሚለው ዓምድ «ቦዘኔ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው መስመር ወደ ቀኝ ሲሉ «የተያዘ ንብረት» ይላል፦ አንድ የሊስትሮ ሳጥን፣ ሁለት ብሩሽ፣ ሦስት ቆርቆሮ ቀለም። ሥራ ፈት ያላችሁትን ሰው የያዛችሁት ከነሥራው ነው! የእጅ ጽሕፈቱ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል።

ቃሉ የሚያደርገውን እናውቃለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 «አደገኛ ቦዘኔ» ለተባለ ተጠርጣሪ ዋስትና ከለከለ። በ97ቱ ምርጫ ማግስት አደባባይ የወጣውንም ወጣት መንግሥት በዚሁ ስም ጠራው። ቀኑን ሙሉ ቪላው በረንዳ ላይ ጫት ሲቅም የሚውለው የባለሀብት ልጅም ሥራ የለውም፤ እሱን ግን አጥሩ ከልሎታል።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ውስጥ የመኪና ስፖኪዮ ተሰረቀ። የእናንተ ሰዎች መጀመሪያ ያንኳኩት የእኛን በር ነው። ለምን ብል «መዝገብ አለው» አሉኝ። መዝገቡን ማን ጻፈውና? ከዚያ ወዲህ ባለሱቁ ዱቤ ከለከለው፣ አብሮ አደጎቹ ሸሹት። አሁን የሚያስጠጉት እንደ እሱ «መዝገብ ያላቸው» ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ቢያጠፋ «አላልንም?» ልትሉ ነው።

ያንን ቃል ሰርዛችሁ ክስ እንዳልተመሠረተበት የሚገልጽ ደብዳቤ ስጡት። ሳጥኑንም መልሱለት፤ እስካሁን የተመለሰለት አንድ ብሩሽ ነው። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ስብሰባ ላይ ከሆኑ ደጅ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ያለ ሥራ ቆማ ተገኘች ተብዬ ካልተያዝኩ።

የልጁ እኅት
አዲስ አበባ